ኤክስ ሽማግሌ ላከ

እኔ ከዚህ በፊት ጽፌ አላውቅም። ጻፍሁ ብል የምጠቅሰው ሁለት ነገር ብቻ ነው። አንደኛው ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ ስለ ክረምት የጻፍሁት ግማሽ ገጽ ነው፤ መምህሩ "ውሃ በዝቶበታል" ብለው መልሰውልኛል። ሁለተኛው ወረታ ከምሠራበት የሩዝ መፈልፈያ ቤት በየማዳበሪያው ላይ በከሰል የምጽፈው የባለ ሩዙ ስም ነው። በዚህኛው እስከ ዛሬ ያማረረ ሰው የለም።

አሁን የምጽፈው ቸግሮኝ ነው። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ወረታ ገብቷል። ጠዋት ከቁሐር ሚካኤል ተነሥቼ አስፋልቱን ይዤ ወፍጮ ቤት እስክደርስ ቢያንስ ሦስት ሰው ያስቆመኛል። ሦስቱም "ባል የጠየቅሽው ልጅ አንች ነሽ?" ይሉኛል። እኔ ደግሞ ዓይነ አፋር ነኝ። "አይደለሁም" ለማለት አፌን እስክከፍት ጠያቂው መንገዱን ተሻግሮ ሄዷል። ወረቀት ግን ዓይን የለውም፤ አያየኝም። ስለዚህ ለሁሉም አንድ ጊዜ እዚህ ልመልስ፦ እኔ ባል አልጠየቅሁም። እኔ የጠየቅሁት የኤክስን ዕድሜ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስድስተኛ ክፍልን እንደጨረስሁ እናቴ ታመመች፤ ሰባተኛ ክፍል ያለው ደግሞ ከተማ ነው። ለአንድ ዓመት ብዬ ያቆምሁት ትምህርት ስድስት ዓመት ሞላው። ዘንድሮ ከተማው ውስጥ እንደኔ ላቋረጡ ሰዎች የቅዳሜና እሑድ ትምህርት ሊከፈት ነው ተባለ፤ መግቢያ ፈተና ያለፈ ሰባተኛ ክፍል ይገባል። ይህን ለአባቴ ለመንገር አራት ቀን ፈጀብኝ። በመጨረሻም የነገረችው እናቴ ናት።

አባቴ የበሬ ጠፍር እየላገ ሰማ። ከዚያ ቀና ሳይል፣

"ስሚኝ" አለ። "ፈተናውን ካለፍሽ ተማሪ፤ እኔ አፌን አልከፍትም። ከወደቅሽ ግን በጥር ለባል ነው። እንግዲህ ኋላ ሌላ ነገር እንዳትይኝ።"

እኔ ዝም አልሁ። በእኛ ቤት የእኔ ዝምታ ሁልጊዜ እሽታ ሆኖ ነው የሚቆጠረው። በዚህ ዓይነት እስከ ዛሬ በስንት ነገር እንደተስማማሁ እኔ ራሴ አላውቀውም።

ለፈተናው የሚያዘጋጀን አንድ ወጣት መምህር በየቅዳሜው ከሰዓት በኋላ ያስተምረን ጀመር። ማካፈሉን ተቋቋምሁት። ክፍልፋዩም ቢሆን እያቃሰትሁ አለፍሁት። ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ ግን መምህሩ ሰሌዳው ላይ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ "የአባት ዕድሜ የልጁ ዕድሜ ሦስት እጥፍ ነው። ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ ሁለት እጥፍ ይሆናል። የልጁ ዕድሜ ስንት ነው?"

መጀመሪያ ያዘንሁት ለአባትየው ነው። ዛሬ ሦስት እጥፍ የሆነ ሰው በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ወደ ሁለት እጥፍ ከወረደ፣ በዚሁ ከቀጠለ አንድ ቀን ልጁ ይደርስበታል ማለት ነው። ከዚያስ? አልፎት ይሄዳል? ልጅ አባቱን በዕድሜ ቀድሞ ርስቱን ማን ለማን ያወርሳል? ሁለተኛ ያልገባኝ ነገር፣ የልጁን ዕድሜ የማያውቅ ሰው ሦስት እጥፉን በምን አወቀው? ሦስተኛ፣ ይህን ሁሉ ከሚያስጨንቀን እናትየውን ቢጠይቋትስ?

"የማናውቀውን ኤክስ እንበለው" አለ መምህሩ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ። እንበለው ማለት ቀላል ነው። በእኛ አገር የማናውቀው ሰው ሲመጣ የማን ልጅ ነህ ተብሎ ይጠየቃል እንጂ ዝም ብሎ ስም አይወጣለትም። ከጎኔ ያለችው ልጅ ግን "እሽ" ብላ ጻፈች። ሁሉም ጻፉ። እኔም እንዳይታወቅብኝ ጻፍሁ።

መምህሩ ፊታችንን አየና፣ "ግራ የሚገባችሁ ቁጥሩን ባዶውን ስለምታስቡት ነው። የምታውቁትን አባትና ልጅ ያዙ። በእውነተኛ ሰው አስቡት" አለን።

እንግዲህ የእኔ ጥፋት መምህር ያለኝን መስማቴ ነው።

ቤት እንደገባሁ ከቅርቡ ልጀምር አልሁ።

"አባዬ፣ ስንት ዓመትህ ነው?"

"ለምንሽ ነው?"

"ለሒሳብ።"

"ለሒሳብ ከሆነ ሃምሳ በይው። ከበዛባቸው ቀንሽላቸው።"

የራሴን ደግሞ እናቴን ጠየቅኋት። "አንችማ የተወለድሽው ውሃው ሜዳውን ሞልቶ ቤት የገባ ዓመት ነው" አለች በእርግጠኝነት። አባቴ፣ "ውሃው ቤት ያልገባበትን ዓመት እስቲ ንገሪኝ" አላት። ሁለቱ በዚህ እስከ እራት ተከራከሩ። እኔ ካንድ ዓመት ውሃ ወደ ሌላው ዓመት ውሃ ስመላለስ መጀመሪያ ከእህቴ አነስሁ፣ ከዚያ በለጥኋት፣ በመጨረሻ በአንድ ቀን ተወለድን። ደብተሬን ዘጋሁ።

ዕድሜውን በልበ ሙሉነት የሚናገር ሰው ስፈልግ ትዝ ያሉኝ እትዬ ማሪቱ ናቸው። እትዬ ማሪቱ ከጉማራ ወንዝ ማዶ በየገበያው ቀን ሩዛቸውን በአህያ ጭነው እኛ ወፍጮ ቤት የሚመጡ ሴት ናቸው። ወረፋ ሲጠብቁ ስለ ልጃቸው ሲያወሩ መስማት ነው፤ ልጄ ሃያ አራት ዓመቱ ነው፣ ልጄ እንዲህ ያርሳል፣ ልጄ እንዲህ ይጠምዳል። ሳይጠየቁ ዕድሜ የሚናገሩ ሰው በፎገራ ሜዳ ላይ እሳቸውን ብቻ ነው የማውቀው። ቁጥሩን እንኳ ሰምቼው ነበር፤ ነገር ግን ለሒሳብ የሚሆን ነገር ከባለቤቱ አፍ መስማት አለበት ብዬ አሰብሁ። የአባትየውም ዕድሜ ያስፈልገኝ ነበር።

ቅዳሜ መጡ። እኔ የማዳበሪያቸውን አፍ ይዤ ቆሜያለሁ። መኪናው ሲፈለፍል የወፍጮ ቤቱ ቆርቆሮ ሁሉ ይንቀጠቀጣል፤ በዚያ ጩኸት ውስጥ ማንም ማንንም ስለማይሰማ እኔ ድፍረት የማገኘው እዚያ ነው። አንዳንድ ጊዜ ለብቻዬ ስቄ አውቃለሁ። ዓይኔን ጨፍኜ፣ ትንፋሼን ሰብስቤ፣ መኪናውን ለመብለጥ ባለ በሌለ ድምፄ፣

"እትዬ ማሪቱ፣ ልጅዎ ስንት ዓመቱ ነው?" ብዬ ጮኽሁ።

"እትዬ ማሪቱ" ያልሁት መኪናው እየሠራ ነው። "ልጅዎ" ስል መብራት ጠፋ።

የቀረው አረፍተ ነገር በጸጥታው ውስጥ ብቻውን ሄደ። በወረፋ ላይ ያሉት ሴቶች ሁሉ ዞሩ። ውጭ አህያ የሚያራግፍ ሰው አንገቱን አስገብቶ አየኝ። እትዬ ማሪቱ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

"ወንዱን ነው?" አሉ ቀስ ብለው።

"አዎ።"

"ሃያ አራት ዓመቱ ነው፣ ልጄ።"

ሃያ አራት በሦስት ሰባ ሁለት ነው። "አባቱ ሰባ ሁለት ናቸው?" አልሁ።

"ኧረ ምን ሆነው። ገና ጠንካራ ሰው ናቸው።"

አልገጠመም። ግን ከጀመርሁ አይቀር ልጨርሰው ብዬ፣ "ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላስ?" አልኋቸው።

እትዬ ማሪቱ ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። ፊታቸው በራ።

"ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላማ፣ እግዚአብሔር ካለ፣ ልጆቹ ጥጃ ይጠብቃሉ።"

መምህሩ የሰጠን ጥያቄ ውስጥ የልጅ ልጅ አልነበረበትም። ኤክስ በአንድ ሰው ተይዟል፤ ስለዚህ ለልጆቹ ዋይ የሚለውን ፊደል ሰጠኋቸው። ይህን በእጄ መዳፍ ላይ ስጽፍ እትዬ ማሪቱ የማን ልጅ እንደሆንሁ ጠየቁኝ። ነገርኋቸው። አያቴን ጠየቁኝ። ነገርኋቸው። ቅድመ አያቴን፣ ከዚያ በላይ ያለውን፣ እስከ ሰባት ቤት ድረስ በአባቴም በእናቴም አስቆጠሩኝ። ሰባት ቤት ለምን እንደሚቆጠር በዚህ አገር ጡት የጣለ ሕፃን ሁሉ ያውቃል። እኔ ግን ሐሳቤ ሁሉ ዋይ ላይ ስለነበር፣ አዛውንት ሲጠይቅ መመለስ ነው ብዬ አንድም ሳላጎድል ቆጠርሁላቸው። እንዲያውም የስድስተኛውን ቅድመ አያቴን ስም ተሳስቼ፣ መልሼ ጠርቻቸው አርሜላቸዋለሁ።

ከጥቂት ቀን በኋላ ኪዳነ ምሕረት ነበረች። እናቴ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ነጠላዋን ሳታወርድ ከፊቴ ቆመች።

"ሰው ሰላም ለማለት አፍሽ የሚተሳሰር ልጅ፣ ወፍጮ ቤት መሀል ቆመሽ ጮኸሽ ባል ጠየቅሽ?"

"ባል አይደለም እማዬ። ኤክስን ነው።"

"ጭራሽ ስሙንም ታውቂዋለሽ።"

"ስም አይደለም። የማይታወቅ ነገር ነው።"

"የማይታወቅ ሰው ነው የጠየቅሽው? ምነው ከታወቀው አጣሽ?"

ደብተሬን አምጥቼ ላሳያት ሞከርሁ። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ ኤክስን አየችው፣ ዋይን አየችው፣ "ይኸኛው ደግሞ ማን ነው?" አለችኝ። "ልጆቹ" አልኋት። ከዚያ በኋላ የተናገረችውን አልጽፈውም።

አባቴ ወሬውን ሲሰማ እንደ እናቴ አልተቆጣም። ይህ ነው ይበልጥ ያስፈራኝ። ከጉማራ ማዶ መልእክት መጥቶለታል፤ በመጪው እሑድ ሦስት ሽማግሎች ይመጣሉ። ሜዳው ሁሉ ውሃ በተኛበት በነሐሴ መጨረሻ ሽማግሌ የሚልክ ሰው ተሰምቶ አይታወቅም። ግን ልጅቱ ራሷ ከጠየቀች ምን ያስጠብቃል ብለው ነው አሉ።

"ይምጡ" አለ አባቴ። "መስማት ነውር የለውም። ደኅና ቤተሰብ ነው ሲባል እሰማለሁ።"

ፈተናው ሰኞ ነበር። እሑድ እሽ ከተባለ ለእኔ ሰኞ የለም። ይህን ለአባቴ ልነግረው ፈልጌ ሦስት ጊዜ በረቱ ድረስ ተከትየው ሄድሁ። ሦስቱንም ጊዜ "ምን ፈለግሽ?" ሲለኝ "ምንም" ብዬ እበት አንሥቼ ተመለስሁ። በረቱ እንደዚያ ሳምንት ጸድቶ አያውቅም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መጡ። በሩቅ ሳያቸው ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው፣ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ውሃውን በዘንግ እየለኩ ነበር። ከፊት ያሉት መሪጌታ ናቸው፤ የእትዬ ማሪቱ ቤት የነፍስ አባት። ቀጥለው አያ ፈንቴ፤ ንግግር አዋቂ ስለሆኑ በየሠርጉ የሚጠሩ ሰው። ሦስተኛውን ሽማግሌ ስማቸውን አልሰማሁም። እሳቸውም ከበር እንደደረሱ "ጨው አላችሁ?" ከማለት በቀር ምንም አልተናገሩም፤ አልቅት ባታቸው ላይ ተጣብቆ ነበር። ግን ያን ጊዜ አያ ፈንቴ ንግግር ጀምረው ስለነበር የሰማቸው ሰው የለም።

እኔ ጓዳ ነኝ። ከእናቴ ጋር ከመጋረጃው ጀርባ ተቀምጫለሁ። ደብተሬ ጭኔ ላይ ነው፤ ለነገ የማጠና ነኝ። በዚያ ደብተር ላይ ያን አባትና ልጅ አሥራ አንድ ጊዜ ሠርቻቸዋለሁ። አንድ ጊዜ ልጁ ከአባቱ በልጦ ወጣ። አንድ ጊዜ አባትየው ገና አልተወለደም።

አያ ፈንቴ ቆመው ነው የሚናገሩት፤ ካልተፈቀደልን አንቀመጥም ብለዋል። ስለ ዘሩ ተናገሩ። ስለ በሬዎቹ ተናገሩ። አባቴ ጉሮሮውን ጠራረገና፣

"ልጁ ዕድሜው ስንት ነው?" አለ።

"ሃያ አራት።"

"አባቱ ደኅና ናቸው?"

"ዘንድሮ ስልሳ ደፈኑ፤ ይኸው እስከ ዛሬ እርፍ ይጨብጣሉ። እንዲያው ልጁ ዘገየ ብለው ነው የሚያዝኑት። አባትየው በሱ ዕድሜ ሳሉ እሱን ወልደው፣ ስድስት ዓመት ሞልቶት ጥጃ ይጠብቅላቸው ነበር።"

እጄ ብቻውን ጻፈ። እንዴት እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ልጁ ኤክስ። አባት ስልሳ። አባት ኤክስ ዓመት ሲሆናቸው ልጁ ስድስት። ከዚያች ቀን ወዲህ ያለፈው ዘመን ለሁለቱም አንድ ነው። ይህ ነገር የገባኝ ያን ጊዜ ነው፤ አባት አንድ ዓመት ሲያረጅ ልጅም አንድ ዓመት ያረጃል፤ ማንም ማንንም አይደርስበትም። ሦስት ሳምንት ሙሉ በከንቱ ነበር ለሰውየው ያዘንሁለት። እንግዲህ አባት ከኤክስ ተነሥተው እስከ ስልሳ የሄዱትን ያህል፣ ልጅ ከስድስት ተነሥቶ እስከ ኤክስ ሄዷል። ስልሳ ሲቀነስ ኤክስ፣ እኩል ይሆናል ኤክስ ሲቀነስ ስድስት። ሁለት ኤክስ ስልሳ ስድስት። ኤክስ ሠላሳ ሦስት።

ወደ ኋላ ተመልሼ አየሁት። የዛሬ ሃያ ሰባት ዓመት አባት ሠላሳ ሦስት፣ ልጅ ስድስት። ልክ ነው። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ኤክስ ወጣልኝ፤ የወጣልኝ ደግሞ ለእኔ ሲታጭ ነው።

"እማዬ" አልሁ በሹክሹክታ። "ሠላሳ ሦስት።"

"ምኑ?"

"ኤክስ።"

እናቴ ለአፍታ አየችኝ። ምን እንዳየች አላውቅም። ነጠላዋን አደግድጋ መጋረጃውን ገልጣ ወጣችና፣

"ልጅቱ ኤክስ ሠላሳ ሦስት ነው ትላለች" አለች።

"ኤክስ ማን ነው?" አሉ አያ ፈንቴ። "ሌላ ጠያቂ አለ እንዴ?"

"ሌላ አይደለም" አለ አባቴ፤ ከእናቴ ሲሰማ የሰነበተውን አስታውሶ። "ኤክስ የናንተው ልጅ ነው።"

"የኛ ልጅ ስሙ ጌትነት ነው።"

"እሷ ዘንድ ኤክስ ነው የሚባለው። ነይ አንች፣ ውጭ።"

ወጣሁ። አምስት ሰው ፊት ቆሜ የማላውቅ ሰው፣ አምስቱም አንድ ላይ ያዩኛል። ደብተሩን ለአባቴ ዘረጋሁለት፤ አባቴ ለመሪጌታ አሳለፈው። መሪጌታ ደብተሩን ከዓይናቸው አርቀው አዩ፣ አቅርበው አዩ።

"ይኸ የተጋደመ መስቀል የመሰለው ምንድን ነው፣ ልጄ?"

"የማይታወቀው ነው፣ አባ።"

"የማይታወቀው ምኑ ነው?"

"ዕድሜው።"

መሪጌታ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ለካ ባሕረ ሐሳብ አዋቂ ናቸው፤ የፆሙንና የበዓሉን ቀን ለደብሩ የሚያወጡት እሳቸው ናቸው። አውራ ጣታቸው በሌሎቹ ጣቶች አንጓ ላይ ይሄድ ጀመር፤ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ይመለሳል። አያ ፈንቴ ሊናገሩ ሲሉ በግራ እጃቸው ዝም አሰኟቸው። በመጨረሻ ዓይናቸውን ገለጡ።

"አያ ፈንቴ፣ አባቱ በሱ ዕድሜ ሳሉ ስድስት ዓመቱ ነበር አላልህም?"

"ንግግር ለማሳመር ነው ያልሁት፣ መሪጌታ።"

"እውነት ነው ወይስ አይደለም?"

"እውነትስ እውነት ነው። ጥጃውን እኔም አውቀዋለሁ።"

"አባቱስ ስልሳ?"

"ስልሳ።"

"እንግዲያው ልጅቱ ልክ ናት። ሠላሳ ሦስት ነው።"

አያ ፈንቴ ግን የዋዛ ሰው አይደሉም። ትንሽ አሰብ አደረጉና፣ "ቢሆንስ? ሠላሳ ሦስት የጌታችን ዕድሜ ነው። ምን ይወጣለታል?" አሉ።

"ጌታችን ሃያ አራት ነኝ አላለም" አሉ መሪጌታ።

አባቴ ከመደቡ ተነሣ። ቀስ ብሎ፣ "ዘጠኙ ዓመት የት ገባ?" አለ።

አያ ፈንቴ ጣሪያውን ያያሉ። ውጭ ላም እምቧ ትላለች። ያን ጊዜ ሦስተኛው ሽማግሌ፣ ባታቸው ላይ እንዳጎነበሱ፣

"አንበሳሜ" አሉ።

ሁላችንም ዞርን።

"አንበሳሜ ከተማ ምን አለ?" አለ አባቴ።

"ሚስት ነበረችው፤ ተፋቱ። ሁለት ልጆችም አሉት። አሁን ጨው ብትሰጡኝ።"

እናቴ ጨው ሰጠቻቸው። እኔ ቆሜ ዋይን አሰብሁት። ለካ ዋይ ተወልዶ፣ አድጎ፣ አንበሳሜ ሆኖ ጥጃ እየጠበቀ ነው።

መሪጌታ አፈሩ። እሳቸውም የሰሙት ሃያ አራቱን ነው። ሲወጡ ለአባቴ እንደነገሩት እትዬ ማሪቱ ሰው ለማታለል ብለው አይደለም፤ ልጃቸው ምራቲቱን ካገባበት ቀን እስከተፋታበት ቀን ያለውን ዘጠኝ ዓመት ከዕድሜው ቀንሰውለታል። በከንቱ ያለፈ ዘመን እንዴት ዕድሜ ተብሎ ይቆጠራል ባይ ናቸው። ይህን ስሰማ ስድስቱን የማዳበሪያ ዓመቶቼን አሰብሁና በልቤ ትንሽ ተስማማኋቸው።

ሽማግሎቹ ውሃውን እየለኩ ተመለሱ። አባቴ እስኪርቁ ቆሞ አያቸው። ከዚያ ወደ እኔ ሳይዞር፣ "ነገ ፈተናው በስንት ሰዓት ነው?" አለኝ።

"በሦስት።"

"በጊዜ ተነሽ። ውሃው ጨምሯል።"

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ እንዴት ባማረ። ሰኞ ጠዋት አስፋልቱ ላይ እንደ ሰው ቀና ብዬ ሄድሁ። የአባትና ልጅ ጥያቄ በየትም በኩል ቢመጣ አልፈራም፤ አያትም ቢጨመርበት አልፈራም። ወረቀቱ ሲታደል ገለበጥሁት። ፈለግሁ። በሁለተኛው ገጽ ፈለግሁ። አባት የለም። ልጅ የለም። የማንም ዕድሜ የለም። በጠቅላላ ወረቀቱ ላይ ሰው የሚባል ፍጥረት የለበትም። የአባትና ልጅ ቦታ ላይ የተቀመጠው ይህ ነው፦ "አንድ በርሜል በአንዱ ቧንቧ በሦስት ሰዓት፣ በሌላው ቧንቧ በስድስት ሰዓት ይሞላል። ሁለቱ ቧንቧዎች አብረው ቢከፈቱ በርሜሉ በስንት ሰዓት ይሞላል?"

በርሜሉን ኤክስ ልበለው ወይስ ውሃውን? በእውነተኛ ሰው እንዳላስበው ሰው የለበትም። እኛ አገር ደግሞ ውሃ ሲመጣ በቧንቧ አይመጣም፤ በበር ነው የሚመጣ፣ ሰዓቱንም አይናገርም። በመጨረሻ ሦስትና ስድስትን ደመርሁና ዘጠኝ ሰዓት ብዬ ጻፍሁ።

ሐሙስ ዕለት ስማችን በር ላይ ተለጠፈ። ሰው እስኪበተን ጥግ ይዤ ጠበቅሁ፤ ከዚያ ቀርቤ አየሁ። ማለፊያው ሃምሳ ነው። የእኔ አርባ ስምንት። በርሜሉ ብቻውን አራት ነጥብ ይይዝ ነበር አሉ።

ወደ ቤት ስመለስ ሦስት ሰው አስቆመኝ። ሦስቱም ያንኑ ጠየቁኝ።

አባቴ በረቱ ደጃፍ ተቀምጦ ሞፈር ይጠርብ ነበር። እናቴ ከጎኑ ሩዝ ትለቅማለች። በዚያ ሰሞን በልቤ ስንት ንግግር አዘጋጅቼ ነበር። አንዱም አልመጣልኝም።

"ወደቅሁ" አልሁ።

አባቴ መጥረቢያውን አቆመ።

"ምን ጠይቀው ነው የጣሉሽ?"

የበርሜሉን ነገር ነገርሁት። ዘጠኝ ሰዓት ብዬ እንደመለስሁም አልደበቅሁ። እናቴ እጇን ከሩዙ አነሣች።

"አንዱ ብቻውን በሦስት ሰዓት ይሞላዋል አላልሽም? ሁለተኛው ሲያግዘው እንዴት ዘጠኝ ይሆናል? ሁለት ሰው ገብቶ ሲያርም ማሳው ይዘገያል እንዴ?"

ፊደል ያልቆጠረች እናቴ ናት ይህን ያለችው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እሽ እል ነበር።

አባቴ ዝም አለ። ጥር የሚለውን ቃል ጠበቅሁ። ጥርብ እንጨቱን አገላበጠ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ቀጥታነቱን አየ፣ መልሶ አስቀመጠው። የእኔ ዝምታ እሽታ ከሆነ የእሱስ ምንድን ነው ብዬ አሰብሁ። እንደዚያ ቆሜ መቅረቴ ነው ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ በራሴ አፍ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ መኪና ሳይጮኽልኝ፣

"የጥር ነገርስ?" አልሁት።

አባቴ ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ መጥረቢያውን አነሣና ወደ ሞፈሩ ተመለሰ።

"ለከርሞ ስለ በርሜል ጠይቂ" አለኝ። "በርሜል ሽማግሌ አይልክም።"